የታሪክ በደልን ለሚዘክሩ የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ፦ ዓላማው፣ አሠራሩና የአመልካቾች ዝግጅት

ካናዳ ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች በመጡ ሰዎች ጉልበትና ዕውቀት የተገነባች አገር ናት። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በዘራቸው፣ በትውልድ አገራቸው ወይም በሃይማኖታቸው ምክንያት በመንግሥት ሕግና ውሳኔ በደል ተፈጽሞባቸዋል። ይህን ታሪክ ማኅበረሰቦች በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩት፣ እንዲጽፉትና ለሚቀጥለው ትውልድ እንዲያስተላልፉት መንግሥት በተለያዩ ጊዜያት የገንዘብ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል።

ይህ ገለጻ ድጋፉ ለምን እንደተጀመረ፣ ቀደም ሲል እንዴት እንደተሠራበት፣ ምን ውጤት እንዳስገኘና ዛሬ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ለመጀመር የሚያስቡ ማኅበራት ምን ማዘጋጀት እንደሚኖርባቸው ለማስረዳት የቀረበ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የገንዘብ መጠኖቹም በካናዳ ዶላር ናቸው።

ይቅርታ፣ ካሳና መታሰቢያ

ስለ ታሪክ በደል ሲነገር ሦስት ጉዳዮች አብረው ይነሣሉ። የመጀመሪያው ይቅርታ ነው፤ መንግሥት የፈጸመውን ስሕተት በይፋ አምኖ የተበደለውን ወገን ይቅርታ ይጠይቃል። ሁለተኛው ካሳ ነው፤ በደሉ በቀጥታ ለደረሰበት ሰው ወይም ለቅርብ ቤተሰቡ ገንዘብ ይከፈላል። ሦስተኛው መታሰቢያ ነው፤ የተፈጸመው ነገር እንዳይረሳ ሐውልት ይቆማል፣ ዐውደ ርእይ ይዘጋጃል፣ መጽሐፍ ይታተማል፣ የትምህርት ጽሑፍ ይሰናዳል።

ይህ ገለጻ የሚመለከተው ሦስተኛውን ነው። ልዩነቱን አስቀድሞ መረዳት ለአመልካቾች ጠቃሚ ነው። የመታሰቢያ ድጋፍ ለግለሰብ የሚከፈል ካሳ አይደለም፤ የጠፋውን ሀብትም ሆነ የተለያየውን ቤተሰብ አይመልስም። ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው ታሪኩን በሰነድና በቦታ የማስቀመጥ ዐቅም ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው፣ የተበደለው ወገን ታሪኩን አስታዋሽ አያስፈልገውም። መታሰቢያው ይበልጥ የሚያስፈልገው ያልተወጋው ጎረቤት፣ በኋላ የተወለደው ልጅና ውሳኔ ሰጪው የመንግሥት አካል እንዲያውቁት ነው።

መታሰቢያ የተጠየቀባቸው ዋና ዋና በደሎች

*የቻይናውያን የነፍስ ወከፍ ግብር።* የካናዳ ፓስፊክ የባቡር ሐዲድ በተሠራበት ጊዜ ከ15,000 የማያንሱ ቻይናውያን በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች መካከል ድንጋይ ሲፈልጡና ሐዲድ ሲዘረጉ ቆይተዋል፤ ብዙዎችም በአደጋና በበሽታ ሞተዋል። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. ተገጣጥሞ ሲጠናቀቅ፣ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ከጥቂቶች በስተቀር ወደ አገሪቱ በሚገባ እያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ የ50 ዶላር ግብር ጣለ። ይህ ግብር በሌላ ሕዝብ ላይ ያልተጣለ ነበር። በ1900 በወጣ ሕግ ወደ 100 ዶላር፣ በ1903 በወጣ ሕግ ደግሞ ወደ 500 ዶላር ከፍ ተደረገ። 500 ዶላር በዚያ ዘመን ለአንድ ቻይናዊ ሠራተኛ የሁለት ዓመት ደመወዝ ያህል ነበር። ግብሩን የከፈሉት ሰዎች ቁጥር ወደ 82,000 ሲጠጋ፣ መንግሥት የሰበሰበው ገንዘብ ወደ 23 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል።

ግብሩ የመጪዎቹን ቁጥር ስላልገታ ሐምሌ 1 ቀን 1923 አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ዋለና ቻይናውያን ወደ ካናዳ እንዳይገቡ ፈጽሞ ተከለከሉ ማለት ይቻላል። ሕጉ እስከ 1947 ጸንቶ ቆየ። በእነዚያ 24 ዓመታት ብዙ ባሎች በካናዳ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ደግሞ በቻይና እንደተለያዩ ኖሩ። ሐምሌ 1 የካናዳ ብሔራዊ በዓል የሚከበርበት ቀን በመሆኑ፣ የቻይና ተወላጆች ለረጅም ጊዜ ዕለቱን የውርደት ቀን ብለው ይጠሩት ነበር።

*የኮማጋታ ማሩ መርከብ።* በ1908 የወጣው ደንብ ወደ ካናዳ የሚገባ ሰው ከተወለደበት ወይም ዜግነት ካለው አገር ተነሥቶ ሳያቋርጥ በአንድ ጉዞ መድረስ እንዳለበት ይደነግግ ነበር። ደንቡ የሕንድን ስም አይጠቅስም፤ ከሕንድ በቀጥታ ወደ ካናዳ የሚመጣ የመርከብ ጉዞ ግን አልነበረም። ግንቦት 23 ቀን 1914 ኮማጋታ ማሩ የተባለው መርከብ 376 መንገደኞች ይዞ ቫንኩቨር ወደብ ደረሰ። አብዛኞቹ ሲኮች ሲሆኑ ሙስሊሞችና ሂንዱዎችም ነበሩባቸው፤ ሁሉም እንደ ካናዳውያን የብሪታንያ ንጉሥ ተገዢዎች ነበሩ። ከጥቂቶች በስተቀር እንዲወርዱ አልተፈቀደላቸውም። ሁለት ወር በወደቡ ላይ ከቆዩ በኋላ ሐምሌ 23 ቀን በጦር መርከብ ታጅበው ተመለሱ። መርከቡ ካልካታ አቅራቢያ ሲደርስ ከፖሊስ ጋር በተፈጠረ ግጭት በርካታ መንገደኞች በጥይት ተገደሉ።

*በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተጋዙ ሰዎች።* ከ1914 እስከ 1920 ድረስ 8,579 ሰዎች በ24 የግዞት ካምፖችና መቀበያ ጣቢያዎች ታስረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ5,000 የሚበልጡት በኦስትሮ ሃንጋሪ ግዛት ሥር ከነበሩ አውራጃዎች የመጡ ዩክሬናውያን ነበሩ። የሚበዙት የታሰሩት አንድም ጥፋት ሳይገኝባቸው፣ በያዙት ፓስፖርት ብቻ «የጠላት አገር ዜጎች» ተብለው ነው። ሴቶችና ሕፃናትም አብረው የተጋዙባቸው ካምፖች ነበሩ። በባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዛሬ ጎብኚዎች የሚመላለሱበት መንገድ ከፊሉ በእነዚህ ግዞተኞች ጉልበት የተሠራ ነው።

*በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጋዙ ጣሊያናውያን።* ጣሊያን ሰኔ 10 ቀን 1940 ወደ ጦርነቱ ስትገባ፣ ወደ 31,000 የሚጠጉ የጣሊያን ተወላጆች በመዝገብ ተይዘው ቁጥጥር ሥር ዋሉ። ወደ 600 የሚሆኑት ደግሞ ክስ ሳይመሠረትባቸው ወደ ግዞት ካምፖች ተወሰዱ።

*የሴንት ሉዊስ መርከብ።* በ1939 ከናዚ ጀርመን የሸሹ አይሁዳውያንን የጫነው ይህ መርከብ በኩባና በአሜሪካ ፊት ከተነሣው በኋላ ካናዳም በሯን ዘጋችበት። 907 መንገደኞች ወደ አውሮፓ ተመለሱ፤ ከእነዚህ ውስጥ 254 የሚሆኑት በናዚዎች ጭፍጨፋ አልቀዋል።

*የጃፓናውያን መፈናቀል።* ከ1942 ጀምሮ ከ21,000 የሚበልጡ የጃፓን ተወላጆች ከምዕራቡ ጠረፍ በግዳጅ ተነሥተዋል፤ አብዛኞቹ ዜግነታቸው ካናዳዊ ነበር። ቤታቸው፣ እርሻቸውና የዓሣ ማጥመጃ ጀልባቸው ያለፈቃዳቸው ተሸጧል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም እስከ 1949 ድረስ ወደ ጠረፉ እንዳይመለሱ ተከልክለው ነበር።

ድጋፉ እንዴት ተጀመረ?

በዚህ ረገድ መንገዱን የጠረገው የጃፓን ተወላጆች ስምምነት ነው። መስከረም 22 ቀን 1988 መንግሥት ከማኅበረሰቡ ተወካዮች ጋር በተፈራረመው ውል በሕይወት ለነበረ እያንዳንዱ ተጎጂ 21,000 ዶላር፣ ለማኅበረሰቡ ተቋማት ደግሞ 12 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። የካናዳ የዘር ግንኙነት ፋውንዴሽን እንዲቋቋምም 24 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነ። ለግለሰብ የሚከፈለው ካሳና ለማኅበረሰብ ሥራ የሚውለው ገንዘብ በግልጽ የተለያዩት በዚህ ውል ነበር።

የቻይና ተወላጆች ጥያቄ ግን በፍርድ ቤት መፍትሔ አላገኘም። ግብሩን ከከፈሉት አንዱ የነበሩት ሻክ ጃንግ ማክ ከሌሎች ጋር ሆነው ያቀረቡትን ክስ የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2002 ሳይቀበለው ቀረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2003 ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። በደሉ በተፈጸመበት ጊዜ ሕጋዊ ስለነበር ሕግ ሊያርመው አልቻለም። በመሆኑም መልሱ ከፓርላማ መምጣት ነበረበት።

ሰኔ 22 ቀን 2006 ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በፓርላማ ተገኝተው የቻይና ተወላጆችን በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። በሕይወት ለነበሩ ግብር ከፋዮችና ለሟች ከፋዮች ባልቴቶች ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ። በዚያን ጊዜ ከ82,000 ከፋዮች መካከል በሕይወት የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ አረጋውያን ብቻ ነበሩ። ይህ መዘግየት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል፤ ይቅርታው ሲነገር የሚሰማው ሰው አልፎ ነበር።

በዚያው ዓመት የማኅበረሰቦች ታሪካዊ ዕውቅና ፕሮግራም ይፋ ሆነ። የተመደበለት 24 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የራሳቸው የትምህርትና የመታሰቢያ ሥራ ደግሞ ተጨማሪ 10 ሚሊዮን ዶላር ተያዘ።

ፕሮግራሙ እንዴት ይሠራ ነበር?

ፕሮግራሙን በወቅቱ ያስተዳደረው የዜግነትና ኢሚግሬሽን ሚኒስቴር ሲሆን፣ ከ2008 እስከ 2013 ሥራ ላይ ቆይቷል። አሠራሩ በሚከተሉት መርሖዎች ላይ የተመሠረተ ነበር።

1. ገንዘቡ የሚሰጠው ለግለሰቦች ሳይሆን ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶች ነበር።
2. የቻይና፣ የጣሊያን፣ የአይሁድና የሕንድ ተወላጆች ማኅበረሰቦች ለእያንዳንዳቸው አማካሪ ኮሚቴ ነበራቸው። ኮሚቴዎቹ የቀረቡትን የፕሮጀክት ሐሳቦች መርምረው ለሚኒስትሩ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርቡ ነበር።
3. ድጋፍ የሚያገኙት ሐውልቶች፣ የመታሰቢያ ሰሌዳዎች፣ ዐውደ ርእዮች፣ መጻሕፍት፣ ዘጋቢ ፊልሞች፣ ድረ ገጾችና የትምህርት ቤት ማስተማሪያዎች ነበሩ።
4. ፕሮጀክቱ በደሉን ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡ ለአገሪቱ ያበረከተውን አስተዋጽኦም ማሳየት ይጠበቅበት ነበር።

ለዩክሬናውያንና ከእነርሱ ጋር ለተጋዙ ሌሎች ማኅበረሰቦች የተመረጠው መንገድ የተለየ ነበር። በ2008 የተቋቋመው 10 ሚሊዮን ዶላር ያለው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግዞት ዕውቅና ፈንድ በታራስ ሼቭቼንኮ ፋውንዴሽን አደራ ተቀመጠ። ዋናው ገንዘብ በባለአደራ ተይዞ ከሚያስገኘው ገቢ ለፕሮጀክቶች ድጋፍ ይሰጥ ነበር፤ ውሳኔውን የሚሰጠውም ከማኅበረሰቦቹ የተውጣጣ ምክር ቤት ነበር።

ሁለቱ መንገዶች የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚተዳደር ፕሮግራም በአጭር ጊዜ ብዙ ሥራ ያስጀምራል፤ የጊዜ ገደቡ ሲያበቃ ግን ይዘጋል። በአደራ የተቀመጠ ፈንድ ቀስ እያለ ቢሠራም ማኅበረሰቡ በራሱ ጊዜና በራሱ ቅደም ተከተል እንዲሠራ ያስችለዋል።

ከተሠሩት ሥራዎች ምን ተገኘ?

በድጋፉ ከተሠሩት ፕሮጀክቶች የተወሰኑትን መመልከት ለአዲስ አመልካቾች ትምህርት ይሰጣል።

በቫንኩቨር የሚገኘው የኮማጋታ ማሩ ሐውልት ሐምሌ 23 ቀን 2012፣ መርከቡ በተባረረበት ዕለት መታሰቢያ፣ በወደቡ ዳርቻ ተመረቀ። ሐውልቱ የቆመው መንገደኞቹ ለሁለት ወር ሲያዩት ነገር ግን ሊረግጡት ባልቻሉት ጠረፍ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የካልሳ ዲዋን ማኅበር በቫንኩቨር ስለ መርከቡ የሚናገር ቤተ መዘክር ከፈተ። ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የመንገደኞቹን ታሪክ፣ የወቅቱን ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎች የያዘ ድረ ገጽ አዘጋጀ። አንዱ ታሪክ በሐውልት፣ በቤተ መዘክርና በሰነድ ማከማቻ ተደግፎ ሲቆም አንዱ ቢዳከም ሌላው ይይዘዋል።

በሃሊፋክስ ወደብ፣ ፒር 21 በተባለው ቤተ መዘክር የሚገኘው «የሕሊና መንኮራኩር» በአርክቴክት ዳንኤል ሊበስኪንድ የተነደፈ ሲሆን በጥር 2011 ተመርቋል። ጥላቻ፣ ዘረኝነት፣ ባዕድ ጠልነትና ፀረ አይሁዳዊነት የሚሉ ቃላት የተጻፉባቸው አራት ጥርሳም መንኮራኩሮች እርስ በርስ ተያይዘው ይሽከረከራሉ። መልእክቱ አንዱ ሌላውን እንደሚያንቀሳቅስ ለማሳየት ነው። ይሁን እንጂ የሚንቀሳቀስ አካል ያለው በመሆኑ ከተመረቀ በኋላ ለጥገና ወደ ሠሪዎቹ መመለስ ነበረበት። ስለዚህ የጥገና ወጪና ኃላፊነት ከመጀመሪያው በዕቅድ ውስጥ መካተት እንዳለበት ይህ ፕሮጀክት ያስገነዝባል።

የጣሊያን ተወላጆች በቶሮንቶ ባዘጋጁት ፕሮጀክት የግዞተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች በቪዲዮ ቃላቸውን ሰጡ፤ ከካምፑ የተላኩ ደብዳቤዎችና በእስር ላይ በእጅ የተሠሩ ዕቃዎችም ተሰበሰቡ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች በዕፍረት ምክንያት ነገሩን ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ኖረው ነበር።

ነሐሴ 22 ቀን 2014 ደግሞ የጦርነት ጊዜ ሕጉ የወጣበት መቶኛ ዓመት ሲታሰብ፣ በመላ ካናዳ አንድ መቶ የመታሰቢያ ሰሌዳዎች በየአካባቢው ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ በ11 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር በ5 ሰዓት) በተመሳሳይ ቀን ተገለጡ። ሰሌዳዎቹ የተሰቀሉት በማኅበረሰብ አዳራሾች፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በቤተ መዘክሮች ነው። የአንድ ሰሌዳ ወጪ ከትልቅ ሐውልት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ቢሆንም፣ ታሪኩ በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ተነግሯል።

ገንዘብ የይቅርታ ምትክ ሊሆን ይችላልን?

ልምዱ የሚያሳየው እንደማይችል ነው። በነሐሴ 2008 ስለ ኮማጋታ ማሩ ይቅርታ የተጠየቀው በሰሪ ከተማ በአንድ መናፈሻ በተካሄደ በዓል ላይ ነበር። የማኅበረሰቡ አባላት ወዲያውኑ አልተቀበሉትም፤ በፓርላማ የተፈጸመ በደል ይቅርታው በፓርላማ እንዲነገርና በመዝገብ እንዲሰፍር ጠየቁ። የፕሮጀክት ገንዘብ ተሰጥቶ፣ ሐውልቱ ቆሞ፣ ቤተ መዘክሩ ተከፍቶ እንኳ ጥያቄው አልቆመም። በመጨረሻም ግንቦት 18 ቀን 2016 ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። ስለ ሴንት ሉዊስ መርከብ በ2018፣ ስለ ጣሊያናውያን ግዞት ደግሞ በ2021 በዚሁ ምክር ቤት ይቅርታ ተጠይቋል። ለጣሊያናውያኑ በ1990 በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ የተነገረው ይቅርታ እንደ በቂ አልተቆጠረም ነበር።

ስለዚህ አንድ ማኅበር ለመታሰቢያ ፕሮጀክት ድጋፍ በማግኘቱ ሌሎች ጥያቄዎቹን እንደተወ አይቆጠርም። በሌላ በኩል ይቅርታ ብቻውን ታሪክን አያስተምርም። ቃሉ ከተነገረ በኋላ የሚቀረው ሰነዱ፣ ሰሌዳውና መማሪያው ነው።

ዛሬ ያሉ አማራጮች

የማኅበረሰቦች ታሪካዊ ዕውቅና ፕሮግራም ተዘግቷል። ሆኖም ተቀራራቢ ዓላማ ላላቸው ሥራዎች የሚከተሉትን መመልከት ይቻላል።

*የመድብለ ባህልና ፀረ ዘረኝነት ድጋፍ።* የካናዳ ቅርስ ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው ይህ ድጋፍ ለዝግጅቶች፣ ለፕሮጀክቶችና ለድርጅቶች ዐቅም ግንባታ በየዘርፉ ይሰጣል።

*የቅርስ ማስታወሻ ፈንድ።* ይኸው ሚኒስቴር በአካባቢ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ክሥተት ወይም ሰው 100ኛ ዓመት፣ ወይም ከዚያ በላይ በየ25 ዓመቱ ሲታሰብ፣ ለቋሚ መታሰቢያ ግንባታና እድሳት ከተፈቀዱት ወጪዎች እስከ ግማሽ፣ ቢበዛም እስከ 500,000 ዶላር የሚሸፍንበት ዘርፍ ነው። ቀሪውን ግማሽ ማኅበሩ ከሌላ ምንጭ ማግኘት ይኖርበታል።

*ብሔራዊ ታሪካዊ ስያሜ።* ማንኛውም የኅብረተሰብ ክፍል አንድ ቦታ፣ ሰው ወይም ክሥተት ብሔራዊ ታሪካዊ ዕውቅና እንዲያገኝ ለታሪካዊ ቦታዎችና ሐውልቶች ቦርድ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ክሥተቱ ከተፈጸመ ቢያንስ 40 ዓመት፣ ሰው ከሆነም ከሞተ ቢያንስ 25 ዓመት ያለፈው መሆን አለበት። ይህ የገንዘብ ድጋፍ ባይሆንም ታሪኩ በአገር ደረጃ በሰሌዳ እንዲታወቅ ያደርጋል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ክፍለ ሀገራትና ከተሞች የየራሳቸው ድጋፍ አላቸው። ለምሳሌ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ምክር ቤት ግንቦት 15 ቀን 2014 የቻይና ተወላጆችን ይቅርታ ጠይቆ ለቅርስ ሥራዎች 1 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። የድጋፎቹ መመሪያና የማመልከቻ ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ አመልካቾች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ማንበብ ይኖርባቸዋል።

ማመልከቻ ሲዘጋጅ

1. *ታሪኩን በትክክል መወሰን።* የተፈጸመው በደል ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ሕግ ወይም ውሳኔ፣ መቼና በማን ላይ እንደተፈጸመ በአጭሩ መጻፍ። «ብዙ ግፍ ደርሶብናል» ከሚል አገላለጽ ይልቅ የሕጉን ስምና ዓመት መጥቀስ ማመልከቻውን ያጠናክረዋል።
2. *ባለታሪኮቹን ማሳተፍ።* የተጎጂዎች ቤተሰቦች በሐሳቡ መስማማታቸውንና በሥራው ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ማሳየት። በቤተሰቦች መካከል የአመለካከት ልዩነት ካለ ከማመልከት በፊት መነጋገር ይመረጣል።
3. *ባለቤቱን መለየት።* ሐውልቱ የሚቆምበት መሬት የማን እንደሆነ፣ የቦታው ባለቤት በጽሑፍ መፍቀዱን፣ ቀረጻውና ሰነዱ በመጨረሻ የት እንደሚቀመጥ ማስረዳት።
4. *በጀቱን ማብራራት።* ከድጋፉ የሚጠየቀውን፣ ማኅበሩ በገንዘብ የሚያዋጣውን፣ እንዲሁም በጉልበትና በዓይነት የሚያቀርበውን ለየብቻ ማሳየት። የትርጉም፣ የመድን፣ የጥገናና የሂሳብ ምርመራ ወጪዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ።
5. *ለሪፖርት መዘጋጀት።* ድጋፉ በውል የሚሰጥ በመሆኑ ደረሰኞችን ማስቀመጥና የሥራና የሂሳብ ሪፖርት በወቅቱ ማቅረብ ግዴታ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የወጣ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ አይተካም።

ማስረጃ ከየት ይገኛል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የካናዳ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ከ1885 እስከ 1949 ወደ አገሪቱ የገቡ ቻይናውያንን መዝገብ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። በመዝገቡ ውስጥ የሰውየው ስም፣ የትውልድ መንደር፣ የመጣበት መርከብና የከፈለው ግብር ይገኛል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግዞተኞች ሰነድ ግን በከፊል ከጊዜ በኋላ እንዲወገድ በመደረጉ፣ የዚያ ታሪክ ጸሐፊዎች በቤተሰብ ደብዳቤ፣ በመቃብር ድንጋይና በአረጋውያን ቃል ላይ መደገፍ ግድ ሆኖባቸዋል።

ሐምሌ 1 ቀን 2023፣ የክልከላው ሕግ በወጣ መቶኛ ዓመት፣ በቫንኩቨር የተከፈተው የቻይና ካናዳውያን ቤተ መዘክር ለመጀመሪያው ዐውደ ርእይ ያቀረበው ቤተሰቦች በየቤታቸው ያስቀመጧቸውን የመታወቂያ የምስክር ወረቀቶች ነው። አያት በሣጥን ውስጥ የሸሸገው ወረቀት የአገር ታሪክ ማስረጃ ሆኗል። ስለዚህ ማኅበራት ገንዘብ ከመጠየቃቸው በፊት እንኳ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ፤ ይኸውም የአረጋውያንን ቃል መቅዳት፣ ፎቶግራፎችን ከስምና ከቀን ጋር ማስቀመጥና የቆዩ ሰነዶችን ቅጂ ማዘጋጀት ነው።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

*ማኅበረሰባችን ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ ካልሆነ ማመልከት እንችላለን?*
አዎን። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ድጋፎች ለተወሰኑ ማኅበረሰቦች ብቻ የተመደቡ አይደሉም። የመስፈርቱ መነሻ የፕሮጀክቱ ዓላማና የአመልካቹ ድርጅት ዐቅም ነው።

*አማርኛ ተናጋሪዎች ወደ ካናዳ በብዛት የመጡት ከ1970ዎቹ በኋላ ነው። ይህ ታሪክ ምን ይመለከተናል?*
በሁለት መንገድ ይመለከታል። አንደኛ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1911 የካናዳ ካቢኔ ጥቁሮች ለአገሪቱ የአየር ጠባይ አይስማሙም በሚል ምክንያት ለአንድ ዓመት እንዳይገቡ የሚከለክል ድንጋጌ አጽድቆ ነበር። ድንጋጌው ሥራ ላይ ሳይውል በዚያው ዓመት ጥቅምት 5 ቀን ተሽሯል። ቢሆንም ባለሥልጣናት ከኦክላሆማ የሚመጡ ጥቁር ገበሬዎችን በሌላ መንገድ ማከላከላቸውን ቀጥለዋል። በዚህ መሰናክል መካከል ገብተው በአልበርታ አምበር ቫሊን የመሰሉ መንደሮችን የመሠረቱት ገበሬዎች ታሪክ ከአፍሪካ ለመጣ ሰው ሁሉ የሚነገር ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ በካናዳ የሚማሩ ልጆች ይህን አገር እንደ ራሳቸው የሚያውቁት ክብሩን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም ሲያውቁ ነው።

*ግለሰብ ማመልከት ይችላል?*
በአብዛኛው አይችልም። ግለሰቦች በአካባቢያቸው ካለ የተመዘገበ ማኅበር፣ ቤተ መዘክር ወይም የትምህርት ተቋም ጋር ተባብረው እንዲያመለክቱ ይመከራል።

*ፕሮጀክቱ በአማርኛ ሊዘጋጅ ይችላል?*
ቃለ መጠይቅና ሰነድ በአማርኛ መሰብሰብ ይቻላል፤ ባለታሪኩ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር ነገሩን የተሟላ ያደርገዋል። ለሕዝብ የሚቀርበው ሥራ ግን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እንዲተረጎም ሊጠየቅ ስለሚችል ወጪው በበጀት መያዝ አለበት።

*ፕሮጀክታችን መንግሥትን የሚወቅስ ከሆነ ድጋፉን ያሳጣናል?*
ከላይ የተገለጹት ፕሮጀክቶች በመንግሥት ሕግና ውሳኔ የተፈጸሙ በደሎችን ያነሡ ናቸው። የሚፈለገው በማስረጃ የተደገፈ እውነት ነው።

ማሳሰቢያ

የመታሰቢያ ሥራ ከሌሎች ፕሮጀክቶች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሕንጻ ቢዘገይ በሚቀጥለው ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ የሰው ምስክርነት ግን ምስክሩ ካለፈ አይገኝም። ስለሆነም አመልካቾች የድጋፍ ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳይጠብቁ የአረጋውያኖቻቸውን ቃል መሰብሰብ እንዲጀምሩ፣ የሰበሰቡትንም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ እንዲያስቀምጡ በአክብሮት ይመከራሉ።